ኤፍቲፒ ወይስ ጊት? ሁለት ሰው አንድ ሰርቨር ላይ ሲሠራ

ጅማ ላይ ሁለት ሆነን የአንድ ቡና ነጋዴ ድረ ገጽ እንሠራለን። እኔ ሄርማታ ሰፈር ነኝ፣ ባልደረባዬ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር። መጀመሪያ የያዝነው ፋይልዚላን ነበር፤ በኤፍቲፒ፣ ማለትም በፋይል መላኪያ ዘዴ፣ ፋይልን ከራስህ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨር (ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር) የሚጭን ፕሮግራም ነው። ቀላል ነው፤ ፋይሉን ከግራ ጎትተህ ቀኝ ትጥላለህ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ሁለታችንም የዋጋ ገጹን ከፈትን። እሱ ዋጋውን አስተካክሎ ጫነ። እኔ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አሮጌውን ቅጂ ቀለም ቀይሬ ጫንኩበት። ሥራው ድራሹ ጠፋ! ፋይልዚላ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማን ምን እንደቀየረ አይነግርህም። ተራው ኤፍቲፒ ደግሞ የይለፍ ቃልህን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው፤ ቢያንስ የሚመሰጥረውን ኤስኤፍቲፒ ተጠቀም።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጊት ግን የለውጥ መከታተያ ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከነባለቤቱ ይመዘግባል። አንድ መስመር ሁለታችንም ከነካን «ግጭት አለ» ብሎ ያስቆመናል። ኔትወርክ ሲጠፋ ላፕቶፔ ላይ ኮሚት እያደረግኩ (ለውጡን እየመዘገብኩ) እቆያለሁ፤ ሲመጣ ፑሽ፣ ማለትም የመዘገብኩትን ወደ ጋራ ማከማቻችን መላክ። ለመልመድ ግን ፈተና ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አዙሮኛል። በእኛ አሠራር ፑሽ ስላደረግክ ብቻም ድረ ገጹ አይቀየርም፤ ሰርቨሩ ላይ ገብተህ ፑል ማድረግ (አዲሱን ለውጥ ከማከማቻው ማውረድ) አለብህ።

ብቻህን ከሆንክ ኤስኤፍቲፒ ይበቃሃል። ሁለት ከሆናችሁ ያለ ጊት አትጀምሩ። ትልልቆቹን የቡና ፎቶዎች ግን እስካሁን በፋይልዚላ ነው የምንጭነው።