የፈጣን ጀልባ የጭስ ማኒፎልድ፦ ጊዛ፣ አሉሚኒየም ወይስ አይዝጌ ብረት?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያገለገለ ፈጣን ጀልባ የገዙ ወዳጆቼ፣ ሞተሩ ሲግል ወይም ዘይቱ ነጥቶ ወተት ሲመስል፣ የጭስ ማኒፎልዱን፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያስወጣውን ዕቃ፣ በምን ዓይነት ቢቀይሩት እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሞተራችሁ ባለ 7.4 ወይም ባለ 8.2 ሊትር መርክሩዘር ከሆነና አልቤሮካሙ (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ፣ ስሙ ከታወቀ አምራች አዲስ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ማኒፎልድ ከነክርኑ ግዙ፤ የተረፋችሁን ገንዘብ ለነዳጅ አውሉት። ክርን የምለው ጭሱና ውሃው ተቀላቅለው የሚወጡበትን ጥምዝ ቱቦ ነው።

እንደ ባርና ሲየራ ያሉ አምራቾች ለሁለቱም ጎን የሚያቀርቡት የጊዛ ስብስብ፣ ክርኖቹን፣ ጋርኒሲዮኖቹን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) እና ብሎኖቹን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,600 ዶላር ያወጣል። የአሉሚኒየሙ ከ3,000 ዶላር በላይ ሲሆን፣ በብየዳ የሚሠራው የአይዝጌ ብረት ስብስብ ደግሞ ከ6,000 እስከ 9,000 ይደርሳል። በጨዋማ ውሃ የሚሠራ ጊዛ እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል፤ እኔ 5 ዓመት ብዬ አሰላለሁ። በ1,300 ዶላር ተገዝቶ 5 ዓመት የሚቆይ ዕቃ በዓመት 260 ዶላር ይሆናል፤ 7,500 የወጣበት አይዝጌ ብረት ግን 15 ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይሰነጠቅ ቢቆይ እንኳ በዓመት 500 ዶላር ነው። ልዩነቱ ለብዙ ቅዳሜዎች የሚበቃ ቤንዚን ይገዛል።

ማኒፎልዱ ድርብ ግድግዳ ያለው ነው፤ ጭሱ በውስጥ፣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ በዙሪያው ያልፋል። ጊዛ የሚዝገው ከውሃው መንገድ ወደ ጭሱ መንገድ ስለሆነ፣ በውጭ ያለው ቀለም አዲስ መስሎ እያለ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። በተለይ ማኒፎልዱና ክርኑ የሚገናኙበት ፊት ሲበላ፣ ውሃው ጋርኒሲዮኑን አልፎ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቮላ ዝገት ይይዘዋል፤ ውሃ ደግሞ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ሞተሩ ሊነሣ ሲል ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል። ስለዚህ የማኒፎልድ ዋጋ የሚመዘነው ከሙሉ ሞተር እድሳት ዋጋ አንጻር ነው። በዚሁ ምክንያት አዲስ ማኒፎልድ ላይ አሮጌ ክርን አታስሩ፤ የዳነው 300 ዶላር ሞተሩን ያስከፍላል።

በርካሽ የሚሸጡት ስም የለሽ ቅጂዎች ግን ልብ የሚያደሙኝ ናቸው። አንድ ደንበኛዬ ከማይታወቅ ሻጭ በግማሽ ዋጋ ያስመጣውን ስብስብ ስንፈታው፣ የውሃው መንገድ ብረቱ ሲፈስ ለቅርጽ ከዋለው በተረፈ አሸዋ ተዘግቶ፣ የአንዱ ጎን ግድግዳ ከሌላው ጎን በግልጽ ሳስቶ አገኘነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን በእጃችሁ መዝኑት፤ ከዋናው በጣም ከቀለለ የጎደለው ብረት ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሚታሰርበት ፊት ላይ አጋድማችሁ ብርሃን በሥሩ የሚያልፍ መሆኑን ተመልከቱ፤ በውሃው ቀዳዳዎች ሁሉ በባትሪ እያበራችሁ ወደ ውስጥ እዩ። የ8.1 ሊትር ሞተር ማኒፎልድ በ7.4 እና በ8.2 ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ እንደማይገጥምም አትርሱ፤ ሻጩ «ለትልቅ ሞተር ሁሉ ይሆናል» ቢላችሁ አትመኑት። ጋርኒሲዮኑም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ውሃውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳልፍ፣ በከፊል የሚገድብና ጭራሽ የሚዘጋ ስላለ፣ የተሳሳተው ከገባ አዲሱ ማኒፎልድ በመጀመሪያው ቀን ይግላል።

አሉሚኒየም፣ ለምሳሌ በጊል ስም የሚታወቀው፣ ቀላል ነው፤ ጭሱንም ከጊዛው በተሻለ ያስወጣል። ጀልባችሁ በቨርጂኒያው ሌክ አና ወይም በሌላ ጨው በሌለው ሐይቅ ብቻ የሚሠራ ከሆነና ገንዘቡ ካላስጨነቃችሁ አልከለክላችሁም። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የፖቶማክ ውሃም ጨው አልባ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቼሳፒክ ቤይ የምትወርዱ ከሆነ፣ ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር ጨው እየጨመረ ስለሚሄድ ጀልባችሁን እንደ ባሕር ጀልባ ቁጠሩት። አሉሚኒየምና አይዝጌ ብረት በጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ጨው የገባበትን አሉሚኒየም በብየዳ መጠገንም እምብዛም አይጸናም።

የአይዝጌ ብረቱ ነገር ሌላ ነው። አልቤሮካሙ ተቀይሮ ቫልቮላዎቹ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ሲረዝም፣ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ውሃውን ከክርኑ ወደ ኋላ ይስባል፤ እንዲህ ላለው ሞተር ውሃው ከጭሱ ጋር ርቆ የሚቀላቀልበት፣ እንደ ሲኤምአይ ያለ ረጅም ቱቦ ያለው ስብስብ ይገባዋል። የፈረስ ጉልበቱ 500 ደርሶ ከዚያ በላይ ሲሄድ ልዩነቱ በፍጥነቱ ይታያል፤ ባልተነካው ባለ 415 የፈረስ ጉልበት 8.2 ላይ ግን የሚገኘው ጭማሪ ለወጪው ምላሽ አይሆንም። በሙቀትና በንዝረት በብየዳው አጠገብ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሰፈር በያጅ አይነካካውም፤ ተፈትቶ ወደ ባለሙያ ይላካል፣ በአየር ግፊት ይፈተሻል፣ ጀልባው እስከዚያ በጋውን ታስሮ ያልፋል። ያገለገለ ስብስብ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ፣ በፊታችሁ ተደፍኖ፣ አየር ተሞልቶና ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ አለማውጣቱን ካላያችሁ አትግዙ።

ሦስቱንም እኩል የሚሰነጥቃቸው የክረምት በረዶ ነው። በኅዳር ውሃውን ስታፈሱ ከማኒፎልዱ ሥር ያለውን መድፈኛ መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ ተቀርፎ የወረደ ዝገት ቀዳዳውን ስለሚዘጋ ሽቦ ከታች እያስገባችሁ ጠርጉት።

ያገለገለ ጀልባ የሚሸጥላችሁ ሰው «ሞተሩ በተዘጋ ሥርዓት ነው የሚቀዘቅዘው»፣ ማለትም በባሕር ውሃ ሳይሆን በውስጡ በሚዞር የራሱ ፈሳሽ፣ ቢላችሁ፣ ማኒፎልዶቹንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቁት፤ በብዙዎቹ ላይ የተዘጋው ሥርዓት ሞተሩን ብቻ ይዞ ማኒፎልዶቹን ለባሕር ውሃ ይተዋቸዋል። የተቀየሩበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለው፣ ዕቃው አልቋል ብላችሁ 1,300 ዶላሩንና የእጅ ዋጋውን ከጀልባው ዋጋ ላይ አስቀንሱ።