ዋጋውን ያወጣል? የዲሲ ኦፕን የምሽት ትኬት

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ። ያወጣል። ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ የሰመር ምሽት አላውቅም። ግን የትኛውን ቀን እንደምትገዙና የት እንደምትቀመጡ ማወቅ አለባችሁ። አንዳንዱ ቀን ከሌላው በጣም ይለያል።

ዲሲ ኦፕን የሜዳ ቴኒስ ውድድር ነው። በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ይካሄዳል። ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ግቢ ይጫወታሉ። ቦታው ሮክ ክሪክ ፓርክ ነው፤ 16ኛው ስትሪት ከኬኔዲ ስትሪት የሚገናኝበት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም አይርቅም። የ16ኛው ስትሪት አውቶቡስ ደጁ ላይ ያወርዳችኋል። ስንቶቻችን በዚያ መንገድ ስንመላለስ ኖረን ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም።

ውድድሩ መናፈሻ ውስጥ መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ዝነኛው ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች አርተር አሽ አንድ ነገር ጠየቀ። ጥቁርና ነጭ አብረው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ጥቁሩም ሰው መጥቶ ሊያይ በሚችልበት ቦታ ከሆነ እጫወታለሁ አለ። እንዳለውም ሆነ። በ1973 ደግሞ ዋንጫውን ራሱ ወሰደው። ቴኒስ የሀብታም ክለብ ጨዋታ ነው ብለው ለሚሸሹ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2025፣ ማክሰኞ ማታ፣ አንጋፋዋ አሜሪካዊት ቬነስ ዊሊያምስ ትጫወት ነበር። ዕድሜዋ ያኔ 45 ነበር። ለ16 ወር አንድም የውድድር ጨዋታ አላደረገችም። በ2024 የማህፀን እጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ብዙ ከመቆየቷ የተነሳ የዓለም ደረጃ እንኳ አልነበራትም። የገባችው አዘጋጆቹ በሰጧት ዋይልድ ካርድ ነው፤ ደረጃ ሳይጠየቅ የሚያስገባ ልዩ ግብዣ ማለት ነው። ተጋጣሚዋ ፔይተን ስተርንስ ያኔ የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዓለም 35ኛ። ስተርንስ በኦክቶበር 2001 ስትወለድ ቬነስ ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አራት የነጠላ ዋንጫ ነበራት፤ ሁለት ከዊምብልደን፣ ሁለት ከዩኤስ ኦፕን። ኋላ ሰባት አድርሳዋለች።

የሄድኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። የሃይስኩል ቡድን ውስጥ ትጫወታለች። በአውቶቡስ ውስጥ ሳለን፣ «አክስቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ እኔ ለስተርንስ ነኝ» አለችኝ። ደግሞም ምክንያቷን በደንብ አስረዳችኝ። የስተርንስ ፎርሃንድ (በራኬት እጇ በኩል የምትመታው ምት) ከባድ ነው፣ ኳሱ እየተሽከረከረ ይመጣና ሜዳ ሲነካ ወደ ላይ ይዘላል፣ ቬነስ ደግሞ መሮጥ አትችልም አለች። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ቆሜ ነው የምውለው። ከ12 ሰዓት ሽፍት በኋላ ጉልበት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ለማን እንደምደግፍ መናገር አላስፈለገኝም።

ቀደም ብላችሁ እንድትገቡ የምመክረው ለመለማመጃ ሜዳዎቹ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ተጫዋቾቹን በመነጽር ካልሆነ አታዩአቸውም። እዚህ አጥሩን ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ኳሱ ራኬት ሲመታ ያለው ድምፅ በቴሌቪዥን ከምትሰሙት ጋር በፍጹም አይገናኝም። አንዷ ወጣት ተጫዋች ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት ስትለማመድ አሠልጣኟ ኳስ የምትወረውርበትን እጇን ብቻ ያይ ነበር። ኳሱ በትንሹ ወደ ግራ ካዘነበለ ሳትመታው አስቁሞ እንደገና ያስወረውራታል። የእህቴ ልጅ ያየችውን ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። ለእሷ የትኬቱ ዋጋ እዚያው ተመልሷል።

ጨዋታው ሲጀመር ስታዲየሙ ጢም ብሎ ነበር። ወደ 7,500 ሰው ነው የሚይዘው። ለቴኒስ ትንሽ ነው፣ ግን ትንሽነቱ ነው ደስ የሚለው። የላይኛው ረድፍ ላይ ሆናችሁ እንኳ የተጫዋቹን ፊት ታያላችሁ።

ቬነስ እንዴት እንዳሸነፈች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው። አልሮጠችም። ማለቴ፣ መሮጥ እንዳይኖርባት አድርጋ ተጫወተች። ስተርንስ የመጀመሪያውን ሰርቭ ስታ ለስለስ ያለውን ሁለተኛውን ስትመታ ቬነስ ወደ ኋላ አትሸሽም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ትገባና ኳሱ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ታገኘዋለች። ያ ሁሉ መሽከርከር ሊዘል ሲል ተቆረጠ ማለት ነው። ኳሱም ስተርንስ ከሰርቭ ሳትመለስ እግሯ ሥር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ነች የምትሮጠው። በራሷ ተራ ደግሞ ቬነስ ያ የምናውቀው ትልቁ ሰርቭ አለላት። ሰርቭ ሩጫ አይጠይቅም። ከቁመት፣ ከትከሻና ዕድሜ ልክ ከተለማመዱት ነገር የሚመጣ ነው። ነጥቦቹ በሦስት፣ በአራት ምት ያልቃሉ። ረጅም ምልልስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ስተርንስ ታገኘዋለች፤ ቬነስ ግን ረጅም ምልልስ እንዲኖር አትፈቅድም።

ሁለቱንም ክፍል (ሴት) ወሰደች፤ 6 ለ 3 እና 6 ለ 4። ከመጀመሪያው የምፈራው መጨረሻውን ነበር፣ የፈራሁትም ደረሰ። ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት እጇ ከበዳት። ማች ፖይንት አመለጣት። ሌላም አመለጣት። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር። ከኋላችን የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት እጃቸውን አገናኝተው ይጸልዩ ነበር። ስድስተኛው ላይ ተሳካ። ቬነስ ሜዳው መሀል ላይ እንደ ድሮዋ ዞር ብላ ለሕዝቡ እጇን ስታወዛውዝ ዓይኔ እንባ ሞላ። የእህቴ ልጅ ከእኔ በላይ ትጮህ ነበር። በነጠላ የሴቶች ጨዋታ በዚህ ደረጃ ከእሷ በሚበልጥ ዕድሜ ያሸነፈችው ማርቲና ናቭራቲሎቫ ብቻ ነች፤ በ2004፣ በ47 ዓመቷ።

ከጨዋታው በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ቃለ መጠይቅ ሲደረግላት የተናገረችውን ሰምታችሁ ይሆናል። የተመለስኩት ለኢንሹራንስ ነው፣ አሁን ኮብራ ላይ ነኝ አለች። ስታዲየሙ በሳቅ ተናወጠ። ሥራ ለቆ ኮብራ የከፈለ ሐበሻ ይህን በደንብ ይረዳዋል። የድሮውን ኢንሹራንስ ትቀጥላላችሁ፣ ግን ቀጣሪው ይሸፍነው የነበረውን ጭምር ከኪሳችሁ ነው። ቬነስ ዊሊያምስም እንደኛ ቅጽ ስትሞላ ማሰብ በጣም ቅርብ አደረጋት።

ስለ መቀመጫ። ምሽት ተብሎ የተሸጠ ትኬት ሲጀመር ፀሐይ አለው። የዲሲን የጁላይ ወበቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ትኬት ስትመርጡ ካርታውን ተመልከቱና ጀርባችሁን ለምዕራብ የምትሰጡበትን ጎን ግዙ። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትወርዳለች፣ ጥላውም ቶሎ ይደርሳችኋል። ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነው የሚያዩት። ሌላው ምርጫ ከሜዳው ጫፍ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ ያለው ነው። በቴሌቪዥን እንደምታዩት ማለት ነው፤ ኳሱ ወዴት እንደታለመ ከዚያ ጎልቶ ይታያል። ከጎን ከሆናችሁ ደግሞ ፍጥነቱን ታያላችሁ። እኔ ጎኑን እመርጣለሁ። አንገት ይደክማል፣ ግን ቬነስ ወደ ፊት የገባችባትን ያቺን እርምጃ ያየሁት ከጎን በመሆኔ ነው።

ስለ ትኬት ግዢ። ከውድድሩ ከራሱ ድረ ገጽ ግዙ። በፊት አንዴ፣ ትኬት አልቋል ብዬ ተቻኩዬ ከሌላ መልሶ ሻጭ ድረ ገጽ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ ያሳየኝ ዋጋ ሌላ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰርቪስ ፊ ምናምን ተጨምሮበት የመጣው ሌላ። ትኬቱም ስልኬ ላይ የገባው በር ላይ ቆሜ ስጨነቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። የስታዲየም ዋጋ የስታዲየም ዋጋ ነው። እኛ ከመግባታችን በፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጥብስ በልተን ቡና ጠጥተን ነው የሄድነው፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ሰፈሩ የነዋሪ ፓርኪንግ ነው፤ ታርጋችሁን ለቅጣት አታጋልጡት።

አሁን ደግሞ የትኛውን ቀን መግዛት እንዳለባችሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ለፍጻሜ ያስቀምጣል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። አንጋፋዎቹን ማየት ከፈለጋችሁ ሰኞና ማክሰኞን ግዙ። ምክንያቱን ያ ሳምንት ራሱ አሳይቶናል። ቬነስ ሰኞ ከዲሲዋ ልጅ ከሄይሊ ባፕቲስት ጋር የጥንድ ጨዋታ አሸነፈች። ማክሰኞ ስተርንስን። በመሀልም ሌላ የጥንድ ጨዋታ ነበረባት። ሐሙስ ከፖላንዳዊቷ ማግዳሌና ፍሬኽ ጋር ስትገናኝ 6 ለ 2 እና 6 ለ 2 ተሸነፈች። እጇ ያው እጅ ነው። ያቺ አንዲት እርምጃ ግን ዘገየች። ወደ ፊት መግባት ሲያቅታት ኳሱ ከፍ ብሎ ደረሳት፣ ያኔ መሮጥ መጣ።

ከሁሉም በላይ ለመናገር የፈለግኩት ይህንን ነው። ሰዎች አንጋፋ ሲያሸንፍ «ልምድ ነው» ብለው ያልፋሉ። ልምድ አንድን ምሽት ያሸንፋል። የሚያስቸግረው ምሽቱ ሳይሆን በማግስቱ መነሳቱ ነው። ሰርቢያዊውን ኖቫክ ጆኮቪችን ተመልከቱ። በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ በ37 ዓመቱ፣ የ21 ዓመቱን ስፔናዊ አልካራዝን በፍጻሜ 7 ለ 6፣ 7 ለ 6 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። በ2025 ደግሞ በአራቱም ግራንድ ስላም ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዓለም ላይ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በጣት ይቆጠራል። ግን አራቱም እዚያው ቆሙ። ሜልቦርን ላይ በጉዳት አቋረጠ፣ ፓሪስና ዊምብልደን ላይ ጣሊያናዊው ሲነር፣ ኒውዮርክ ላይ አልካራዝ አስቆሙት። ግማሽ ፍጻሜ የውድድሩ ስድስተኛ ጨዋታ ነው። በአምስቱ ጨዋታዎች የተጠራቀመ ድካም በስድስተኛው ይወጣል።

እኛ ሐበሾች ይህንን ከሩጫ እናውቀዋለን። ደራርቱ ቱሉ በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን በ37 ዓመቷ ስታሸንፍ አልቅሰናል። ማራቶን ግን አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወራት ያርፋሉ። ቴኒስ ነገም ና ይላል። ለዚህ ነው ቬነስ ስትሸነፍ ያልከፋኝ። በሚቀጥለው ወር ዩኤስ ኦፕን ላይም በውድድሩ ምደባ 11ኛ ከነበረችው ከቼካዊቷ ሙኾቫ ጋር በመጀመሪያው ዙር ተገናኝታ በሦስት ክፍል ነው የተሸነፈችው፤ 6 ለ 3፣ 2 ለ 6፣ 6 ለ 1። መሀለኛውን የወሰደችው የ45 ዓመቷ ሴት ነች። በጥንድ ደግሞ ከሌይላ ፈርናንዴዝ ጋር ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ፈርናንዴዝ የዚያን ዓመት የዲሲ የነጠላ ሻምፒዮን ነበረች።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው። ለማክሰኞ ምሽት ከአምስት ኮከብ አምስት። ልጅ ካላችሁ፣ በተለይ ራኬት የያዘ ልጅ ካላችሁ፣ ውሰዱት፤ ከጨዋታው በፊትም አንድ ሰዓት ያህል መለማመጃው ጋ አቁሙት። ለፍጻሜው ቀን አራት ኮከብ፤ ቴኒሱ ጥሩ ነው፣ ግን ትኬቱ ይወደዳል፣ የምትወዱትም አንጋፋ ምናልባት ወደ ቤቱ ሄዷል። የየዕለቱ የጨዋታ ዝርዝር ማታውን ነው የሚወጣው። ማን በየትኛው ሜዳ እንደሚጫወት ከማየታችሁ በፊት ለነገ ትኬት አትክፈሉ። ትልቅ ስም ከስታዲየሙ ውጭ ባለ ሜዳ ላይ ከተመደበ ደግሞ ቀድማችሁ ሂዱና የፊተኛውን ረድፍ ያዙ።