አፍሪካን ስቶሪቡክ፦ ፊደሉን ለጨረሰ፣ ያነበበው ግን ለማይገባው ልጅ

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። 231ዱንም ፊደል አሳምሮ ያውቃል። የሰጠሁትን ሁሉ ያነበንበዋል፤ ስለ ምን ነበር ስለው ግን ጭጭ።

መጀመሪያ ከመጽሐፍ አዟሪ የንባብ መለማመጃ ገዛሁለት። ከታሪኩ ሥር ያለውን ጥያቄ ሁሉ መለሰ፣ ደስ አለኝ። በኋላ ጠረጠርኩና ትርጉም የሌላቸው ቃላት ፈጥሬ «ግርምቡ ከሸለቃው ዝልጢ ለቀመ» ብዬ ጻፍኩለት። ማን ለቀመ? «ግርምቡ።» ምን? «ዝልጢ።» ለካ ልጄ ሳይገባው ቃል እያደነ ነው የከረመው! በጣም ነው ያዘንኩት።

አፍሪካን ስቶሪቡክን የሞከርነው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የልጆች ተረቶች ድረ ገጽ ነው። በነጻ ነው፣ አማርኛም አለው፣ አውርዶ ማተም ይቻላል። ሥዕልና ጥቂት መስመር ነው፣ ልጅ አይሰለቸውም።

እኔ ጽሑፉን በእጄ እሸፍንና «ምን ታያለህ?» እለዋለሁ። ሲመልስ «ከየት አወቅክ?» እለዋለሁ። ከዚያ እጄን አነሳለሁ፣ ያነባል፣ ግምቱ ልክ መሆኑን ራሱ ያየዋል። ለአማርኛ ይሄ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን አጥብቆ አነበበው፣ ዶሮው ወጥ ሊሆን ነው። ሥዕሉን ሲያይ የዶሮው አፍ እህሉ ላይ ነው። «እንዴ፣ እየበላ እኮ ነው!» አለና አላልቶ ደገመው። ማንም አላረመውም።

ሁለት ነገር ልበላችሁ። ስልኩን ሰጥታችሁት ከሄዳችሁ ሥዕል ብቻ እያየ ያልፈዋል፣ አጠገቡ መቀመጥ ግድ ነው። ደግሞ ማንም ተርጉሞ ማስገባት ስለሚችል ቀድማችሁ አንብቡት። ውጭ አገር ላላችሁ፣ ያንኑ ተረት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛም ስለምታገኙት አማርኛው ለሚከብደው ልጅ ጥሩ መደገፊያ ነው።

እኛ ቤት ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት አያቱ «ዛሬ ይዘንባል» አሉ። ልጄ ቀና ብሎ «እማማ፣ ከየት አወቁ?» አላቸው። እጁን ይዘው ወደ አጥሩ ሥር ወሰዱት። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ተሸክመው ግድግዳውን ይወጣሉ። ለምሳ ሦስቴ ጠራሁት፣ አልሰማኝም።