በለገጣፎ ዳርቻ የሚሰጥ የብራና ጽሕፈትና የሥዕል ሥልጠና፦ የ12 ቅዳሜዎች ቆይታዬ

ከመገናኛ ተነሥቶ በአያት በኩል ወደ ለገጣፎ የሚወስደው መንገድ በማለዳ ካልተሳፈሩበት አድካሚ ነው። እኔ ግን 12 ቅዳሜዎች ተመላልሼበታለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ በተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል፣ አንድ መሪጌታ የብራና ዝግጅት፣ የቁም ጽሕፈትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስተምራሉ። ሥልጠናውን ለሌሎች ስለምመክር የወደድሁትንም ያልወደድሁትንም እጽፋለሁ።

ሙያዬ ሒሳብ ሥራ ነው። በልጅነቴ በደብተሬ ጠርዝ ላይ መልአክና አበባ ሳልሥል የምውልበት ቀን አልነበረም፤ ሥራ ስይዝ ግን ያ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆኖ ታየኝና ተውሁት። ማስቀደሱና መጾሙ አልተቋረጠብኝም፤ ሆኖም በእጄ የምሠራው ነገር ከእምነቴ ጋር አንድ ላይ ሊቆም እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን የኔታ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ስለ ባስልኤል አነበቡልን። እግዚአብሔር መንፈሱን እንደ ሞላበት የተነገረለት ይህ ሰው ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ የከበረ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ ነው። ባለ እጅነት በአገራችን ስንት ዘመን ሲናቅ እንደኖረ ለሚያውቅ ሰው ይህ ንባብ ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የቆዳ ናቸው፤ ብርዕ ለመያዝ የቸኮለ ሰው ይከብደዋል። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ ከራሰ በኋላ በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ይወጠራል፤ በመጀመሪያ በሥጋው በኩል፣ ከዚያም በጠጉሩ በኩል በስለት ይፋቃል፣ በሻካራ ድንጋይም ይታሻል። ትከሻዬ ለቀናት ታምሞ ነበር። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ መሥራትን የኔታ ያሳዩናል፤ እስኪብላላ ብዙ ጊዜ ስለሚፈልግ ግን የምንጽፍበት እርሳቸው አስቀድመው ያዘጋጁት ነው። ከዚያም ገጹን በወስፌ ማስመር፣ ብርዑን ከመቃ መቅረጽ፣ ለጥቁሩና ለቀዩ ቀለም የተለያየ ብርዕ መያዝ ይቀጥላል። ቀዩ ለቅዱሳን ስሞችና ለአርእስት ይጠበቃል።

ሥልጠናው ለእኔ የተከፈተልኝ በአንድ ስሕተት ነው። በስድስተኛው ቅዳሜ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ «ሠዓሊ ለነ» ብዬ ጽፌ ተገኘሁ። የኔታ አልተቆጡም፤ አጠገቤ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ መለመን ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል መሣል ነው። ዛሬ አፋችን አንድ አድርጎታል፤ እጅሽ ግን መለየት አለበት» አሉኝ። ቀለሙን በቢላዋ ጫፍ ፍቀው ብራናውን መለሱልኝና በዚያው ቦታ ደግሜ ጻፍሁ። ሁለቱ ቃላት በግእዝ ከተለያየ ሥር እንደሚመጡ አሁን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመሣል በተቀመጥሁ ቁጥር የለመንሁ ያህል ይሰማኛል። ብራናው ላይ «ብፁዕ ብእሲ» ብዬ ስጽፍ በልማድ የማነበንበው ዳዊት ፊደል በፊደል ይዘገይልኛል፤ እንዲህ ቀስ ብዬ ጸልዬ አላውቅም።

ሥርዓቱ ጥብቅ ስለ ሆነ ለግል ፈጠራ ቦታ አይተርፍም ብዬ ሠግቼ ነበር። ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ኃጥኣን በጎን ታይተው በአንድ ዐይን ይሣላሉ፤ ይህ አይለወጥም። በገጹ ራስጌ ላይ የሚሠራው ጌጥ፣ ሐረግ የሚባለው፣ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። 9 ተማሪዎች ከአንድ ናሙና ቀዳን፤ የአንዳችንም ሐረግ ከሌላው ጋር አልተመሳሰለም። የእኔው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነበር፤ ላስተካክል ስል የኔታ «ተዪው፣ ይህ የአንቺ እጅ ነው» ብለው ከለከሉኝ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ስሙ ተጽፎ ተገኝቷል። የብዙዎቹ ሠዓልያን ስም ግን አልቀረልንም፤ እጃቸው ግን ይታወቃል፣ አንዱ ከሌላው ይለያል። የፈጠራ ስጦታ ማለት ራስን ከፍ አድርጎ ማሳየት ነው የሚለው አሳቤ የወደቀው እዚያ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ለሥልጠናው 4,800 ብር ስንከፍል የቆዳው ዋጋ ለብቻው መሆኑ አልተነገረንም፤ ይህ በምዝገባ ዕለት መገለጽ ነበረበት። ክፍሉ መስኮቱ ጠባብ ስለ ሆነ ደመና ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ አይታይም። ከሁሉ ያሳዘነኝ ለሥዕል የተመደበው 3 ሳምንት ብቻ መሆኑና በፋብሪካ ቀለም መሠራቱ ነው፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያሳዩ ሰው ቢጫውንና ሰማያዊውን ከቆርቆሮ ሲያወጡ ማየት ይከብዳል። ድጉሱንም (በመጽሐፉ የቆዳ ሽፋን ላይ የሚታተመውን ጌጥ) የኔታ ሲሠሩ አየን እንጂ እኛ አልነካነውም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል በፍጥነት ይዞ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቦታ አይሆነውም።

የሥልጠናው ማብቂያ 8 ቅጠል ያላት ትንሽ ጥራዝ ናት። በመጨረሻው ገጽ እንደ ጥንቱ ልማድ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ተብሎ ለጻፈውና ላስጻፈው ምሕረት ይለመናል። ክፍያዬን የሸፈነችልኝ እናቴ ናት፤ የልጅነት ደብተሮቼንም ሳትጥል ያስቀመጠችው እርሷ ናት። በአስጻፊው ቦታ የክርስትና ስሟን በቀይ ጻፍሁ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ጥራዟን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ በታክሲ ይዤላት ገባሁ።