ዶቅ ዶቅ ትላለች እንጂ አትሮጥም፦ ሁለት ዓመት ከሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 ጋር

"ዶቅዶቄ" የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ጆሮው ይባረክ። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ቆሞ ሲሠራ ሌላ ምንም አይልም። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ። ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ፣ አጎቴ ግብርና ቢሮ ይሠሩ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ ይዘው ከገጠር ሲመለሱ ድምፁን ሁለት ሰፈር አሻግረን እንለየዋለን። እናቴ ወጡን ምድጃ ላይ የምትጥደው ያንን ድምፅ ስትሰማ ነው። ለጋሼ ከያማሃ ውጪ ያለው ሁሉ "ቆርቆሮ" ነበር። ዛሬም ነው።

እኔ ግን ሞተር መግዛት የጀመርኩት በተሳሳተው በር ገብቼ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በ26 ዓመቴ ባለ 600 ሲሲ የጃፓን የሩጫ ሞተር ገዛሁ። ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት! በአንደኛ ማርሽ ብቻ የሀይዌዩን ገደብ ይደርሳል። የቀሩት አምስት ማርሾች ምን ሊሠሩ ነው? እዚህ ግዛት በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት በቅጣት ወረቀት ብቻ አያልፍም፣ በወንጀል ያስከስሳል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ አንበሳ በገመድ አስሬ ስጎትት ኖርኩ። ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ተደፍቼ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ዓይኔ ፖሊስ እየፈለገ። በመጨረሻ ሸጥኩት። ሲወስዱት ቅንጣት አላዘንኩም፤ ይሄ ራሱ ገርሞኛል።

ክላሲክ 350ን ያየኋት ለሌላ ነገር ሱቅ ገብቼ ነው። ቁጥሯን ሳነብ ሳቄ መጣ። 349 ሲሲ፣ 20 የፈረስ ጉልበት፣ 195 ኪሎ። ክብደቷ የጎረምሳ፣ ጉልበቷ የአዛውንት። ሻጩ ግን አልተከራከረኝም። በር ላይ አውጥቶ አስነሳልኝ። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ። አለቀ። መነሻ ዋጋዋም ያኔ ከ5,000 ዶላር በታች ነበር።

ትውልዷ እንግሊዝ ነው። ሮያል ኢንፊልድ የመጀመሪያውን ሞተር ሬዲች ከተማ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። በ1955 ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ መገጣጠም ተጀመረ። ከዚያ የእንግሊዙ ፋብሪካ ተዘጋ፣ የህንዱ ቀጠለ። የኔዋ በ2021 የወጣው ሞዴል ናት፤ መልኳ ግን የአያቷ ነው። ክቡ የፊት መብራት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፣ እንደ ቅንድብ። ኮንታኪሎ ሜትሯ ባለ መርፌ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዞረ የሚል ጌጅ የላትም፤ አያስፈልግምም፣ በጆሮ ይታወቃል። በጣም የወደድኩላት ደግሞ የማርሽ መርገጫዋን ነው። ከፊትም ከኋላም ስላላት ማርሽ የምጨምረው በተረከዜ ነው። የጫማዬ አፍንጫ መላጥ ቀረ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከኛ ሰፈር በመንገድ ቁጥር 50 ሚድልበርግ ከተማን አልፎ፣ ከዚያ በመንገድ ቁጥር 55 ፍሮንት ሮያል ከተማ ይደረሳል። ስካይላይን ድራይቭ የሚጀምረው እዚያ ነው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዝ መንገድ። ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው። ድሮ እዚህ መንገድ ላይ በ600ው ስመጣ ስቃይ ነበር፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ፍሪሲዮን ይዤ እየለቀቅኩ። ኢንፊልዷ ግን እንደ ባለቤት ነው የምትሄደው። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ኩርባ ሲመጣ መልሶ ሦስተኛ። ያላትን ጉልበት ሁሉ አውጥቼ እጠቀማለሁ፣ ግን ሕግ አልጣስኩም። አጋዘን ድንገት ዘሎ ቢገባ እንኳ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አለኝ። ደግሞ ይሸታል! ዝናብ የመታው ቅጠል፣ የሰው ባርቤኪው። በ600ው ላይ ይሸተኝ የነበረው የራሴ ሄልሜት ብቻ ነው።

ሀይዌይ ላይ አታውጧት። መውጣቱን ትወጣለች፣ ግን ከ65 ማይል በኋላ ከመንቀጥቀጧ የተነሣ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። ከኋላ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋባችሁ የምታመልጡበት ጉልበት የላትም። በየቀኑ በአይ-95 ሀይዌይ ሥራ የሚሄድ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ቢያቆም ይሻለዋል።

ሌላው ጉዳይ መለዋወጫ ነው። ባለፈው ዓመት ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ቆማ ሳለች፣ በገዛ እጄ ጣልኳት። (ሦስት ሰው እያየኝ። አንዱ አጨበጨበ።) የፍሪሲዮን እጀታው ተሰበረ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ "በሳምንት ይመጣል" ብሎኝ አምስት ሳምንት አስጠበቀኝ። ስደውል "ነገ"፣ ነገ ስደውል "ሰኞ"። መጨረሻ ላይ ራሴ በፖስታ አስመጥቼ በሃያ ደቂቃ ገጠምኩት።

በነዚያ አምስት ሳምንታት የሳቀብኝ ሐርሊ ዴቪድሰን የሚባለውን የአሜሪካ ሞተር የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛ ሐርሊው ነው። ቀበቶው ሐርሊ፣ የቡና ኩባያው ሐርሊ፣ ልጁ ስትወለድ የገዛላት ካልሲ ሐርሊ። የሐርሊ ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመ ነው፣ እሱም አባል ነው፣ ከእድሩ ይልቅ መዋጮውን እዚያ በሰዓቱ ይከፍላል። "አንተ እጀታ ትጠብቃለህ፣ እኔ በየከተማው ቤት አለኝ" ይለኛል። እውነቱን ነው። ፍጥነት ብዬ ስጠይቀው ግን ትከሻውን ይሰብቃል። በግማሽ ዋጋው የሚቀድመው የጃፓን ሞተር ሞልቷል፣ ያውቀዋል። እሱ የሚወደው ያንን ድምፅ ነው። ኩባንያው ራሱ በ1994 የሞተሩን ድምፅ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ ተቃዋሚ በዝቶበት በ2000 ተወው። ጓደኛዬ ይህን ሲያወራ ርስቱን የተነጠቀ ነው የሚመስለው።

አልፈርድበትም። እኔም ባለፈው ወር ከኢንፊልዷ የተሻለ፣ የቀለለ፣ የረከሰ ሞተር አሳይተውኝ "ደህና ነው" ብዬ ወጣሁ። የሷ ፍሪሲዮን የት ላይ እንደሚይዝ ጣቴ ያውቃል። ብርድ ላይ ስትነሳ ስንት ጊዜ እንደምታስል አውቃለሁ። ይህን እንደገና ከባዶ የምማርበት ትዕግሥት የለኝም። ታማኝነት በሉት፣ ስንፍና በሉት።

ፀሐያማ ቅዳሜ ላላችሁ፣ ለማትቸኩሉ፣ መፍቻ መያዝ ለማትጠሉ ግዟት። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለሀይዌዩ ነው።

ስካይላይን ላይ ከቶርንተን ጋፕ ትንሽ አለፍ ብሎ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ። አለቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ውስጡ ስትገቡ የአንዷ ፒስተን ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ አሥር ዶቅዶቄ ይሆናል። ባለፈው ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከፍቼ ቀዳሁትና ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ማታ ደወሉ።

"ፒስተኗ አንድ ናት?"

"አንድ ናት፣ ጋሼ።"

"ሰማኋት። ጥሩ ናት። ያማሃ ናት አይደል?"

"አይደለችም። ህንድ የተሠራች ናት።"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ታዲያ" አሉ፣ "ባጃጅ ገዛሁ አትለኝም?"