ተሳቢ ሳይኖረኝ ጋንቾ አስገጠምኩ፦ ደብረ ብርሃን ስላገኘሁት ጋራዥ

ተሳቢ የለኝም። ጋራዥ በገባሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው። ያለኝ በፈረንጆቹ 1991 የተሰራ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ወንድሜ መንዲዳ አካባቢ ከብት ያረባል። ጥቅምትና ህዳር ላይ ድርቆሹ ሲሰበሰብ በካሶኒ፣ ማለትም በፒካፑ የኋላ መጫኛ፣ ብቻ ማመላለስ ናፍጣ መፍጀት ነው። ተሳቢ የሚያከራይ አለ፣ የሚያውስም አለ። የጠፋው ከመኪናዬ ኋላ የሚያያዝበት ነገር፣ ጋንቾ የሚሉት፣ ነበር።

አምና አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ 4,500 ብር ከፍዬ አስበየድኩ። ሰውየው ወፍራም ብረት አጥፎ ከኋላ መከላከያው ላይ ለጠፈልኝ። ሲያዩት ያምራል። ነሐሴ ላይ የጎረቤቴ አይሱዙ ጥቁር አፈር ውስጥ ሰምጦ ልጎትተው ገመድ አሰርን። ቀስ ብዬ ነው የነካሁት፣ ግን ገመዱ ሲወጠር ጋንቾው ከነመከላከያው ቁራጭ ተገንጥሎ ሄዶ የአይሱዙን የፊት መብራት አደቀቀው። ሁለት ልጆች እዚያው አጠገብ ቆመው ነበር። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይሸበራል። መከላከያ ስስ ላሜራ ነው፣ ለመጎተት አልተሰራም። መጎተቻ የሚታሰረው ሻንሲ ላይ፣ ማለትም መኪናውን በሚሸከመው ዋና ብረት ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የለውም።

ዘንድሮ ካሶኒው ስሩ ስለዛገ አስወርጄው ነበር። ሻንሲው ከተገለጠ አይቀር ብዬ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አንኮበር በሚያስወጣው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የምጽፈው ስለዚህ ጋራዥ ነው።

ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሳይነኩት «ወንድሜ፣ ተሳቢህ የታለ?» አሉኝ። ገና የለኝም፣ የምከራየው ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ኳሱን አሁን አንበይድም» አሉ። ኳስ የሚሉት የተሳቢው አፍ ላዩ ላይ የሚገጥምበትን ክብ ብረት ነው። ነገሩን ያስረዱኝ ተንበርክከው መሬት ላይ በጠመኔ እየሳሉ ነው። እኛ አገር የእርሻ ተሳቢ አብዛኛው ቀለበት ነው ያለው፣ በፒን ነው የሚታሰረው። ከውጭ የሚገባው ትንሽ ተሳቢ ደግሞ ኳስ ይፈልጋል። ኳሱም አንድ አይነት አይደለም፣ 50 ሚሊ አለ፣ 2 ኢንች የሚባለው ደግሞ 50.8 ሚሊ ነው። 50ውን ኳስ 2 ኢንች አፍ ውስጥ ካስገባችሁት እየተላወሰ መንገዱን ሙሉ ይንኳኳል። ተሳቢው በሌለበት አንዱን መርጦ በብየዳ ማስጨረስ በጨለማ ጫማ መግዛት ነው።

ስለዚህ የሰሩልኝ ሌላ ነው። ከሻንሲው ጋር የሚታሰር ወፍራም ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 6 ሚሊ፣ አፉ ወደ ኋላ የተከፈተ። ተሳቢውን የሚይዘው ራሱን የቻለ ጭንቅላት እሱ ውስጥ ገብቶ በፒን ይቆለፋል። ሁለት ጭንቅላት አለኝ፣ አንዱ የኳስ፣ አንዱ የቀለበት። ኳሱን ቶርኖ ቤት አላስቀረጹትም፣ መጠኑ የታተመበት የተገዛ ኳስ ነው። ጭንቅላቱን ገልብጦ በማስገባት ከፍታውን ማውረድም ማውጣትም ይቻላል። ተሳቢ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የማያውቀውን ነገር ዛሬ እንዲመርጥ አይገደድም፣ ባዶውን ሲነዳም ጭንቅላቱን አውልቆ ወንበር ስር ያስቀምጠዋል። ታርጋም አይሸፈንም፣ የሚያልፍ ሰው ቅልጥምም አይመታም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሻንሲውን የፈተሹበት መንገድ ነው። ትንሽ መዶሻ ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ መቱት። ጤነኛው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዝገት የበላው ድፍን ይላል። በግራ በኩል ከባሌስትራው መያዣ ኋላ አራት ጣት የምታህል ቦታ ድምፁ ሞተ። በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁት ቅርፊቱ እንደ እንጀራ ድርቆሽ ተነሳ። እሱ ሳይጠገን ጋንቾ አላስርም አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ። በድሮ መኪና ላይ የሚሰራ ሰው እንዲህ ካልፈተሸ አትስጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ብየዳ አይደለም፣ ብሎን ነው። በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት፣ ሁሉም 12 ቁጥር፣ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የሚል የተጻፈባቸው፣ ናይሎን ያለው ዳዶ ያላቸው። የብሎኑን ጥንካሬ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው፣ እሱን እዩ፣ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን አትቀበሉ። ቀዳዳው በትራፓኖ የተበሳው የሻንሲው ጎን ላይ ነው፣ የላይና የታች ከንፈሩን አልነኩም። ሻንሲው ውስጡ ባዶ በሆነበት ቦታ ደግሞ ትንሽ ቱቦ አስገቡ፣ አለበለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ይጨፈለቃል። የተበሳውን ሁሉ ወዲያው ቀለም ቀቡት።

ካሶኒው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ያለ ተሳቢ መሞከር ነበረብን። ከአጠገቡ ካለ መደብር 8 ከረጢት ሲሚንቶ ተውሰው ጫኑ፣ 400 ኪሎ ማለት ነው። የኳሱ ከፍታ ከመሬት 56 ሳንቲ ነበር፣ ሲጫን 50 ሆነ። ሁለቱንም መኪናው ደብተር ላይ ጻፉልኝ፣ ተሳቢ ለመከራየት ስሄድ ሜትር ይዤ ነው የምሄደው። ከዚያ ረዳቱ ልጅ ኳሱ ላይ ወጥቶ ቆመ። ተሳቢ አፍንጫው ላይ ከክብደቱ አንድ አስረኛ ያህል መጫን አለበት፣ 700 ኪሎ ከሆነ 70 ኪሎ፣ አንድ ሰው ማለት ነው። ልጁ እየዘለለ ባለቤቱ ስር ተኝተው ብሎኖቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር።

መብራቱ ትንሽ አስለቀሰን። ባለ 7 እግር ሶኬት ገጠሙ፣ የሚሞከርበት ተሳቢ ስለሌለ ኤሌትሪክ ሰራተኛው ጣውላ ላይ አምፖሎች ደርድሮ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ የማታ መብራት አንድ በአንድ አበራ። ግራው ፍሬቻ ሲበራ ስቶፑም አብሮ ጭል ጭል ይል ነበር። የኔጌቲቩ ገመድ ዝገት ላይ ታስሮ ነው፣ ፍቀው ሲያስሩት ተስተካከለ።

ዋጋው ከነጭንቅላቶቹ 26 ሺህ ብር ሆነ። ከአምናው ጋር ሲተያይ ብዙ ነው፣ ግን የአምናው ከመብራት ካሳው ጋር ሜዳ ላይ ቀረ። ቅሬታዬ ጊዜው ነው። ሁለት ቀን ተብዬ አራት ቀን ፈጀ፣ ደውሎ የነገረኝም የለም። ብሎን የሚጠብቅበትን ልክ የሚያሳይ ቁልፍም የላቸውም፣ በልምድ ነው። ለዚህ ይመስለኛል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ተመለስ ያሉኝ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ተመለስኩ፣ ሁለቱ ብሎን ሩብ ዙር ተቀበሉ። ለዚህ አላስከፈሉኝም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ነገሩኝ። ጋንቾው ጠነከረ ማለት መኪናው ጠነከረ ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ይተነፍሳል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ደግሞ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ኋላችሁን ይገፋል። በብዙ አገር ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ጣሪያው 750 ኪሎ ነው፣ እኔ ለዚህ አሮጌ መኪና ከ500 አላልፍም፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ነው የምወርደው።

የምትሄዱ ከሆነ ስር የተንጠለጠለውን ትርፍ ጎማ እቤታችሁ እያላችሁ አውርዳችሁ ሂዱ። የኔ ማውረጃው ዝጎ ነበር፣ እሱን ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን አለፈ።