ለሆቴል ክፍል ቲቪ ልትገዙ ነው? እኔ የፈረምኩትን እንዳትፈርሙ

ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ያላችሁ፣ አልያም ለመክፈት ደፋ ቀና የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ተሸውጃለሁ። ብስጭቴ ሳይበርድ ስለምጽፍ ትንሽ ከመረርኩ ታገሱኝ።

46 ክፍሎች አሉን። ቴሌቪዥኖቹ አርጅተዋል። እንግዳው ደግሞ "ኔትፍሊክስ የላችሁም እንዴ?" ማለት አበዛ። ለመቀየር ወሰንንና ሦስት አቅራቢዎች ዋጋ አስገቡ። ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። የሦስተኛው መነሻ ክፍያ የእነሱን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሰውየው ደግሞ ምላሱ ማር ነው። "ስማርት ቲቪ፣ ኔትፍሊክስ፣ እንግዳው ከስልኩ ወደ ስክሪኑ የሚልክበት ሲስተም፣ ሙሉ ጥገና። እርስዎ ምንም አይስጉ" አለኝ። ቀሪው በየክፍሉ በየወሩ የሚከፈል "የአገልግሎት ክፍያ" ነበር፤ ለ5 ዓመት።

46ን በ60 ወር ማባዛት የትንሽ ልጅ የቤት ሥራ ነው። እኔ አላባዛሁም። ከፈረምኩ በኋላ አንድ ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ ስል፣ ድምሩ ከውዱ አቅራቢ ዋጋ በልጦ አረፈው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ገንዘቡስ ይሁን። ያቃጠለኝ ዕቃው ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት የወጡት ተራ የቤት ቴሌቪዥኖች ናቸው። ያኔ ልዩነት መኖሩንም አላውቅም ነበር። መልኩ ያው ነው፣ ብራንዱም የታወቀ ነው። ለካስ ሳምሰንግም፣ ኤልጂም፣ ፊሊፕስም ለሆቴል ብለው ለብቻ የሚያመርቱት አለ። ልዩነቱ ያለው ውስጡ ነው። የሆቴል ቲቪ ሆቴል ሞድ የሚባል ነገር አለው። ድምፁ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ ትገድባላችሁ። ሲበራ በየትኛው ቻናል እንደሚጀምር ትወስናላችሁ። ሴቲንጉን ትቆልፋላችሁ። አንዱን አስተካክላችሁ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ትገለብጣላችሁ፤ ሻል ባለው ሲስተም ደግሞ ካላችሁበት ሆናችሁ ሁሉንም በኔትወርክ ታዛላችሁ።

የእኛዎቹ ይሄ ሁሉ የላቸውም። አንዱ እንግዳ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፁን እስከ ጥግ እንደከፈተ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ የጎን ክፍሉ ሪሴፕሽን ላይ ይጮኻል። ሌላው ቋንቋውን ቀይሮት ይሄዳል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የትኛውን ፊደል አንብባ ትመልሰው? አንዱማ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሶት ቻናሉን ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። ቴክኒሻናችን ሪሞት ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ነው የሚውለው።

ዋስትናውን ደግሞ ስሙ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቲቪ ተበላሸ። ጥገና ማዕከል ስንወስደው "የት ነበር የሚሠራው?" ተባልን። ሆቴል ስንል ነገሩ እዚያው አለቀ። በቤት ቴሌቪዥን የዋስትና ወረቀት ላይ ለንግድ ቦታ አይሠራም የሚል መስመር የተለመደ ነው። የእኛም ካርቶን ውስጥ ነበረች፤ በደቃቃ ፊደል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የአካውንቱ ጉዳይ ነው። እንግዳው በራሱ ኔትፍሊክስ ይገባል፣ ሲሄድ መውጣቱን ይረሳል። ሻንጣ እየዘጋ ማን ያስታውሳል? ቀጣዩ እንግዳ ሲያበራው የሰውየው ስም፣ የልጆቹ ስም፣ ሲያየው የነበረው ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንዲት ደንበኛችን ከሳምንት በኋላ ደውላ "እናንተ ጋ በእኔ አካውንት ሰው ፊልም እያየ ነው" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? በደህና የሆቴል ሲስተም ቲቪው ከሪሴፕሽኑ ሶፍትዌር ጋር ይያያዛል። እንግዳው ቼክ አውት ሲያደርግ ትዕዛዝ ይሄድና የገባበት አካውንት ሁሉ ይጠፋል። አቅራቢውን ስለዚህ ስጠይቀው "የጽዳት ሠራተኞቹ በየቀኑ ሎግ አውት ያድርጉት" አለኝ። በየወሩ የምከፍለው ለዚህ ምክር ነው።

ከስልክ ወደ ስክሪን መላኩማ ኮሜዲ ሆነ። ክሮምካስት (ቲቪ ላይ የሚሰካው፣ ከስልክ የተላከውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የጉግል ዕቃ) እና መሰሎቹ "እዚህ ነኝ" እያሉ በኔትወርኩ ላይ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ሆቴል ውስጥ ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆን ግን፣ 12 ቁጥር ያለው እንግዳ ስልኩ ላይ የ46ቱም ክፍል ስክሪን ተዘርዝሮ ይመጣለታል። ተሳስቶ አንዱን ይነካል። 31 ቁጥር ያረፉ አዛውንት እኩለ ሌሊት ላይ ጭፈራ ተለቀቀባቸው። ስንጮህ የአቅራቢው ልጅ መጥቶ ዋይፋዩ ላይ ያሉ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ ዘጋው። ለደኅንነት ሲባል መሆን ያለበትም እሱ ነበር። ግን ሲዘጋ እንግዳው የራሱን ክፍል ስክሪንም አያገኘውም።

መፍትሔው ለባለሙያዎቹ አዲስ አይደለም። መሃል ላይ የሚቀመጥ ጌትዌይ አለ። እንግዳው ቲቪው ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ያነሳል። ጌትዌዩ ያን ስልክ ከዚያ ክፍል ጋር ብቻ ያገናኘዋል፤ እንግዳው ሲለቅ ደግሞ ያላቅቀዋል። በእኛ "ሙሉ ፓኬጅ" ውስጥ ግን ይሄ የለም። ስንጠይቅ "ተጨማሪ ሞጁል" ሆነ። የምን ተጨማሪ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ቲቪዎቹ አልሆን ሲሉ በየጀርባቸው ስም የለሽ የአንድሮይድ ሳጥን ለጠፉልን። እዚህ ላይ ቀልዱን እናቁም።

ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ያላጸደቁት ዕቃ ላይ ጥሩ ምስል አይለቁም። ዋይድቫይን የሚባለው የቅጂ መከላከያ ደረጃ አለው፤ ኤል 1 የሚባለውን ያላገኘ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ደብዛዛው ምስል ነው። የእኛ ሳጥን ላይ ደግሞ "4ኬ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል! ይሄ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቲ95 የተባለ ርካሽ ሳጥን ቫይረስ ተጭኖበት ሲሸጥ መገኘቱን አንድ ባለሙያ አጋለጠ። በ2024 ዶክተር ዌብ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንድሮይድ ቲቪ ሳጥኖች፣ 200 ገደማ በሚሆኑ አገሮች፣ በአንድ ቫይረስ መያዛቸውን አስታወቀ። በ2025 አጋማሽ ደግሞ ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው፣ በቫይረስ የተያዙ ዕቃዎች መረብ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ሳጥኖቹ ባለቤታቸው ሳያውቅ የሌላ ሰው ወንጀል መሸጋገሪያ ይሆናሉ።

የእኛዎቹ ቫይረስ ነበራቸው አልልም። ግን ማን እንደሠራቸው፣ አፕዴት ከየት እንደሚመጣላቸው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። የተሰኩት ደግሞ የእንግዶች የክፍያ ካርድ በሚያልፍበት ያው ኔትወርክ ላይ ነበር። ይህን የሰማሁ ቀን ነው 46ቱንም ያስነቀልኩት።

በነገራችን ላይ ደህና ብራንድ ይዞም ጣጣ አለ። በማርች 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በድንገት መሥራት አቆሙ። ምክንያቱ ውስጣቸው ያለ ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜው ማለፉ ነበር። ጉግል እስኪያስተካክለው ቀናት ወሰደ። ያን ዕቃ በመቶ ክፍል የሰቀለ ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። ክሮምካስትን ራሱን ጉግል በ2024 ማምረት አቁሟል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ኔትፍሊክስ ከስልክ ወደ ብዙዎቹ አዳዲስ ቲቪዎችና ሳጥኖች መላክን ዘጋ። ስለዚህ አቅራቢው "ይሄ ይሠራል" ሲላችሁ፣ ነገ ባይሠራስ ማን ይቀይረዋል፣ በማን ወጪ የሚለውን ጻፉልኝ በሉት። የእኔ ውል ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

ውሉን ካነሳሁ አይቀር፣ ያልኩትን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙ። ውላችን ላይ ዕቃው እስከ 5 ዓመት መጨረሻ የአቅራቢው ንብረት ነው። ከማለቁ 90 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተቃወምን በራሱ ለተጨማሪ ዓመት ይታደሳል። የሰርቨሩ ዋና ፓስወርድ በእነሱ እጅ ነው፤ የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፍ ለመቀየር እንኳን ለምኜ ነው። ውሉን ብናቋርጥ የቀሩትን ወራት ሁሉ እንከፍላለን። እነሱ ሥራ ቢዘጉስ? ምንም አልተጻፈም። አይዘጉም አትበሉ። ሎጅኔት በአሜሪካ ሆቴሎች የክፍል ፊልም ንግድ ውስጥ ግዙፍ ነበር፤ እንግዳው ፊልሙን በራሱ ላፕቶፕ ማየት ሲጀምር ገቢው ተመናምኖ በጃንዋሪ 2013 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

የቀጥታ ቻናሎቹን አጠር ላድርገው። አንድ ጥራት ያለው ቻናል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ለየክፍሉ ለብቻ ከላከ ለ46 ክፍል 368 ሜጋቢት ነው። በመልቲካስት ግን ቻናሉ አንዴ ብቻ ይላካል፤ ለፈለገው ክፍል የሚያባዛው የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ስዊች ነው። ለዚህ ደግሞ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (የትኛው ክፍል የትኛውን ቻናል እንደጠየቀ መለየት) የሚያውቅ ስዊች ያስፈልጋል፤ የተገጠመልን አያውቅም። ትልቅ ጨዋታ ባለበት ማታ ግማሹ እንግዳ ጎሉን ያየው ኮሪደር ላይ ጩኸት ከሰማ በኋላ ነው። የቀረው ጭራሽ አላየም።

ቻናሎቹ ራሳቸው በቤት ደንበኝነት የወጡ መሆናቸውንም ያወቅኩት ኋላ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2006 ሆቴል በክፍሎቹ ቲቪ ፕሮግራም ማሰራጨቱ "ለሕዝብ ማስተላለፍ" ነው ብሎ ወስኗል። የቤት ካርድ ሰክቶ ለመላው ሕንፃ መልቀቅ የዋህነት ነው። ውላችን ላይ ደግሞ ኃላፊነቱ በእኛ ስም ተጽፏል።

አሁን በሌላ አቅራቢ በኩል እየሞከርኩ ነው። የተማርኩት ነገር ቢኖር በ46 ክፍል አለመጀመር ነው። 7 እና 8 ቁጥር ላይ ብቻ አስገጠምኩ፤ ለአንድ ወር። እኔው ራሴ አደርኩባቸው። አንድሮይድ ስልክና አይፎን ይዤ ገባሁ፤ ሁለቱ ወደ ስክሪን የሚልኩበት መንገድ ይለያያል። አፕል ከአይፎን ወደ ስክሪን መላኪያውን፣ ኤርፕሌይን፣ ወደ ሆቴል ክፍሎች ያስገባው በ2024 በኤልጂ ቲቪዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ "አይፎንም ይሠራል" ሲሏችሁ ዓይናችሁ እያየ ያሳዩአችሁ። ከ7 ቁጥር ሆኜ 8 ቁጥር ላይ ለመልቀቅ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ፣ ደስ አለኝ። በራሴ አካውንት ገብቼ ሪሴፕሽኗን "ቼክ አውት አድርጊኝ" አልኳት። ተመልሼ ሳየው ባዶ ነው። ያቺን ባዶ ስክሪን በማየቴ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

የድሮው ውል 22 ወር ይቀረዋል፤ በየወሩ እከፍላለሁ። ሳጥኖቹ መጋዘን ውስጥ በካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል። የእኔ ስላልሆኑ መጣልም አልችልም።